«ነዳጅ ስሰጠው ያፏጫል»፦ ስለ መኪና ሳውንድ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አምፕሊፋየር አስገጠምኩ። ሞተር ሳስነሳ ስፒከሩ ያፏጫል፤ ነዳጅ ስሰጠው ፉጨቱም አብሮ እየቀጠነ ይሄዳል። አምፑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አምፑን ተወው፣ ወንድሜ። ከሞተሩ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት የዲናሞ፣ ማለትም የባትሪ መሙያው ነው። የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በአምፑ ኔጌቲቭ ገመድ በኩል ነው። ገመዱ ቦዲው ላይ የታሰረበትን ፍታና እይ። ከሥሩ ቀለም ካለ ፈግፍገው፤ ብረቱ እርቃኑን እስኪያብረቀርቅ። ገመዱ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፣ ከፖዘቲቩም አይቅጠን። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ላይ ግን እንዳታስር፤ እሱ የተቀመጠው ለነፍስህ ነው። ይህን ሁሉ ከመንካትህ በፊት ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ፣ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ኔጌቲቩን አስተካክያለሁ። አሁንም ያፏጫል።

መልስ፦ ቴፑን አጥፋ፣ አርሲኤውን (ከቴፑ ወደ አምፑ ድምፁን የሚወስደውን ገመድ) ከአምፑ ንቀል፣ መልሰህ አብራ። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው ከአምፑ ወዲህ፣ ገመዱ ወይም ቴፑ ጋ ነው። ካልጠፋ አምፑ ጋ ነው። አርሲኤውና የባትሪው ገመድ በአንድ በኩል ተቃቅፈው ሄደው ከሆነም ለያያቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ስትሞክር የስልክ ቻርጀርህን ንቀለው። ስንቴ ቴፕ አስፈትቼ ጥፋተኛው ቻርጀር ሆኖ አፍሬያለሁ!

ጥያቄ፦ ሞተሩ ጠፍቶም፣ ሙዚቃ ሳይኖርም «ሽሽሽ» ይላል።

መልስ፦ አምፑ ላይ ያለውን ጌይን የሚባል ማስተካከያ ቀንሺው፣ እህቴ። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ድምፅ ስጨምር ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ። ጓደኛዬ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቀለለልኝና ተገላገልኩ። አሁን ግን ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ትንሽ የፕላስቲክ ሽታም አለው።

መልስ፦ አሁን መኪናው ውስጥ ነህ? ዳር ይዘህ ቁም፣ አጥፋና ውረድ። የቀረውን ውጭ ሆነህ ስማኝ።

ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን አይደለም፣ ገመዱን ነው። ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መልቀቅ ይችላል። ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ቢነካ ፊውዝ ወዲያው ይቆርጠዋል። በፊውዙ ቦታ የሲጋራ ወረቀት ካለ ግን ገመዱ ራሱ ምድጃ ይሆናል። አንዴ የመጣልኝን መኪና ምንጣፍ ስገልጥ፣ ከፊት እስከ ኋላ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። የገመዱ ልባስ ሙልጭ ብሎ ቀልጦ መዳቡ ብቻ ተጋድሟል። ባለቤቱ «ፊውዝ ያስቸግረኝ ነበር» አለኝ። እሳት ሳይነሳ መቅረቱ የሱ ዕድል ነው።

30 ሲቃጠልባችሁ 60 የምትሰኩም ሳቁ አይበላችሁ፤ ያው ናችሁ። የፊውዝ መጠን የሚለካው በገመዱ ውፍረት ነው እንጂ በንዴት አይደለም። ቦታውም ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር አይራቅ። አምፑ አጠገብ ብቻ ከሆነ ከባትሪው እስከ እሱ ያለውን ረጅም ገመድ ማን ይጠብቀው? ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይም ላስቲክ ይኑር፤ ብዙ ጊዜ የሚላጠው እዚያ ነው።

አንተ ልጄ፣ ሽታ ካለ ነገሩ ከፉጨት አልፏል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ አታስነሳው፣ አስጎትተህ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ያ ጓደኛህ ዳግም ፊውዝ እንዳይነካ።

ጥያቄ፦ ቤዝ ሲመታ በሩ ይንጫጫል።

መልስ፦ እያጫወትክ የበሩን ልባስ በእጅህ ጫን። ዝም ካለ ልባሱን የያዘው ክሊፕ ላልቷል።

ጥያቄ፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሙዚቃም አላበዛ። ቴፑ ያፏጫል፣ የባትሪው መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይህ የቴፕ ነገር አይደለም፤ ዲናሞው ነው የሚመስለኝ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በቴስተር ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። «ባትሪውን ነቅለን ሞተሩ ከቀጠለ ዲናሞው ደህና ነው» የሚልዎት ካለ እሺ አይበሉ። ቮልቱ በድንገት ይዘልና የመኪናውን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ይውሰዱት፣ ዛሬውኑ።