የመጨረሻው ክፍል፦ ፖድካስቱ ይዘጋል፣ ዝርዝሩ ይቆያል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ይሄ የመጨረሻው ክፍል ነው። ምስጋናዬን ከመጀመሪያው ላድርስ፦ ጆሯችሁን ስለሰጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለቅሶውን ለትዝታ ዘፋኞች እንተውላቸው፣ እነሱ ያውቁበታል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ዘፈን ዝርዝሮቹ ነው፣ ስለ ፕሌይሊስቶቹ። የኔ ወሬ ቢጠፋ ብዙም አይጎዳችሁም፤ ዝርዝሮቹ ግን እንዲተርፉ እፈልጋለሁ፣ እንዲተርፉ ደግሞ ትንሽ ሥራ አለባቸው።

መጀመሪያ ምን እንደሚጠፋ እንወቅ። ብዙ ሰው ፖድካስት አፑ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የለም። አፑ የሚያነበው ፊድ የሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ድምፁ የተቀመጠው ኪራይ በሚከፈልበት ሰርቨር ላይ ነው። ኪራዩ ሲቋረጥ የክፍሎቹ ስም ለጊዜው ይታያል፣ ስትነኩት ግን አይጫወትም። አፑ ውስጥ "አውርድ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁትም አያስተማምንም፤ አፑን ያጠፋችሁ ቀን አብሮ ይሄዳል። ፋይሉን ራሱን አውጥታችሁ ፍላሽ ላይ ወይም ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት። በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የአንድ ሰዓት ክፍል 58 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ሃያ ክፍል ከ1.2 ጊጋባይት አያልፍም። ፖድካስት ያላችሁና ለመዝጋት የምታስቡ ደግሞ ንግግራችሁን ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የማኅደር ድረ ገጽ ላይ ጫኑት፣ ነፃ ነው። ሙሉ ዘፈን ያለበትን ግን ቆርጣችሁ አውጡ፤ ዘፈኑ የባለመብቱ ነው።

ፕሌይሊስት ከዚህ የባሰ ነው። የሠራው ሰው አካውንት ሲዘጋ እሱም ይዘጋል። "ላይክ" አድርጋችሁት ከሆነ የያዛችሁት ሊንኩን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፈኖቹን በሙሉ ምረጡና ወደ ራሳችሁ አዲስ ዝርዝር ቅዷቸው። ይሄም ግማሽ መፍትሔ ነው። የእኛ ሙዚቃ ብዙው ያለው ዩቲዩብ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ቪዲዮው ሲነሳ ርዕሱም አብሮ ይነሳል። በቦታው የምታገኙት "የተሰረዘ ቪዲዮ" የሚል ነገር ነው፤ እሱም ካልተደበቀ። ሰባተኛው ዘፈን ማን ነበር? ማስታወስ የእናንተ ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ የማምነው ዝርዝር በጽሑፍ ያለውን ነው። በወረቀትም ይሁን በስልክ ማስታወሻ። ለአንድ ዘፈን አንድ መስመር፦ ዘፋኙ ከነአባቱ ስም፣ ዘፈኑ፣ ያጀበው ባንድ፣ ዓመቱ፣ ርዝመቱ በደቂቃና በሰከንድ፣ ቅኝቱ (ዜማው የተሠራባቸው ድምፆች ስብስብ)። ስድስት ነገር። ብዙ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ የገባው አንድ ስህተት ስላለ ነው።

የማህሙድ አህመድን "እሬ መላ መላ" ውሰዱ። ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀዳው ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ ቤልጅየም ውስጥ አሳተመው። ከዚያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ የድሮ ሙዚቃችን ኅትመት በሰባተኛ ቁጥሩ በ1999 ይዞት መጣ። የሙዚቃ አፑ የሚያሳያችሁ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ኅትመት ነው። በዓመት ለይታችሁ "የሰባዎቹን አምጣ" ብትሉት የሰባዎቹን ዘፈን ዘጠናዎቹ ውስጥ ይደብቅባችኋል።

ዓመት ካነሳን የአቆጣጠሩን ነገር እንዳትዘሉት። አንድ ሰው የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ስም ጎን ዝም ብሎ "1977" ብሎ ቢጽፍ ምን ማለቱ ነው? እ.ኤ.አ. 1977 ከሆነ ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠራው "ቸ በለው" ነው፣ ሙሉ ባንድ፣ ነፋስ መሣሪያው ሁሉ አለበት። 1977 ዓ.ም. ከሆነ ግን ወደ እ.ኤ.አ. 1985 ይወስደናል፤ ያ ደግሞ ኃይሉ አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ያቀናበረበት ካሴት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ ሰማይና ምድር የሆኑ ሁለት ሥራዎች። ሁለት ሦስት ፊደል ጨምሩ፣ ወይ "ዓ.ም." ወይ "እ.ኤ.አ."፣ ነገሩ ያልቃል።

ስም ላይ አልቆይም። ኃይሉን በኃ፣ በሀ፣ በሃ የሚጽፍ አለ፤ ፀሐይ ደግሞ በጸ፣ በፀ፣ በሐ፣ በሀ እየተገለባበጠች ትጻፋለች። መፈለጊያው እንደ ሰው አይደለም፣ ሁሉንም አንድ ነው ብሎ አያልፍም። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል፤ "ትዝታ" ብቻዋን አንዱ ዘንድ በኢ፣ ሌላው ዘንድ በኤ ናት። አንዱ አላመጣ ሲላችሁ ዘፈኑ የለም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሌላውን ሞክሩ።

አሁን ወደምወደው ልግባ፣ ወደ ቅኝት። ብዙ ዝርዝር የሚበላሸው በዘፈን ምርጫ አይደለም፣ በቅደም ተከተል ነው። ሁለቱም ዘፈኖች ግሩም ሆነው ሲከታተሉ ጆሮ የሚቆረቁረው ነገር አለ፤ ሰዉ "አይሄዱም" ይላል እንጂ ለምን እንደማይሄዱ አይናገርም። አንዱ ትልቅ ምክንያት ቅኝት ነው።

አራቱን ታውቋቸዋላችሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ትዝታና ባቲ ደግሞ ሜጀርና ማይነር አላቸው። ስልካችሁ ላይ ነፃ የፒያኖ አፕ ጫኑና ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ተመልከቱ። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ተነሱና አምስት ጥቁር ወደ ቀኝ ሂዱ።

(የፒያኖ ድምፅ)

ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። አሁን ምንም ሳትቀይሩ፣ እነዚያኑ ጥቁሮች፣ ግን ሁለት ሆነው ከተደረደሩት ከሁለተኛው ተነሱ።

(የፒያኖ ድምፅ)

ባቲ ማይነር። አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው፣ የተቀየረው ማረፊያው፣ ማለትም ዜማው የሚመለስባት ድምፅ፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ትዝታ ሜጀርን ተከትሎ ባቲ ማይነር ሲመጣ፣ ማረፊያዎቹም በዚህ ልክ ከገጠሙ፣ ጆሮ ሳይደናገጥ ስሜቱ ይቀየራል። ቤቱ ያው፣ ክፍሉ ሌላ።

ሁለተኛው ጥንድ ነጮቹ ላይ አለ። "ላ" ከሚባለው ተነሱ፣ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ነጭ ነው፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ትዝታ ማይነር። እነዚያኑ ከሚ ጀምሯቸው፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል ሆነ። ይሄን ጥንድ ከመጀመሪያው አብልጬ እወደዋለሁ፤ ትዝታ ማይነር አንገት ያስደፋል፣ አምባሰል ቀና ያደርጋል፣ ድምፆቹ ግን አንድ ናቸው።

ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ከማንም ጋር ሙሉ በሙሉ አይጋራም፣ ግን አይጣላም። አስቸጋሪዋ አንቺ ሆዬ ናት። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ከየትኛውም ጋር አትዛመድም፣ ድንገት ስትገባ የቀደመው ዘፈን የተበላሸ ያስመስላል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ወይ ዝርዝሩን ክፈቱባት፣ ወይ ከፊቷ ምት ብቻ ያለበት ወይም ንግግር ያለበት ነገር አስገቡ፣ ጆሮው ይታጠብ።

ይሄ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ ራሱ ይነግራችኋል፤ ቅኝት ከመቃኘት ነው። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሁለት ድምፆችን ግማሽ ግማሽ ዝቅ ማድረግ አለበት፣ ታዳሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ። በየዘፈኑ ልቃኝ ቢል ሌሊቱ በመቃኘት ያልቃል። ዘፈኖቹን በቅኝት መሰብሰብ ከእጁ ችግር የመጣ ጥበብ ነው። እኛ አንድ ጣት ስለሚበቃን ረሳነው።

የአንድን ዘፈን ቅኝት ለማወቅ ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ የሚያርፍባትን ድምፅ አንጎራጉሩ፣ ፒያኖው ላይ ፈልጓት፣ ከእሷ ተነስታችሁ ሌሎቹን አራት ልቀሙ። በሁለት ሦስት ቀን ልምምድ ያለ ፒያኖ ትለዩታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ፍጥነቱ ትክክል ላይሆን ይችላል። የገለበጠው ቴፕ ስድስት በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያ ሁሉ የማረፊያ ስሌት ይፈርሳል፣ ዘፋኙም ከዕድሜው ወጣት ይሆናል። እንዴት ይታወቃል? በርዝመቱ። 3 ደቂቃ ከ30 የነበረው 3 ከ18 ከሆነ እሱ ነው። ሰከንዱን ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የራሳችሁ ፋይል ከሆነ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ይስተካከላል፣ ግን "ፍጥነት ቀይር" የሚለውን ተጠቀሙ። የድምፁን ከፍታ ብቻ ወይም ቴምፖውን ብቻ የሚቀይሩት ሌሎች ናቸው፤ ቴፕ ሲፈጥን ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት፣ ሲመለሱም አብረው ይመለሱ።

ጩኸቱንም አስተካክሉ። የድሮ ሸክላና የዘንድሮ ዘፈን ሲከታተሉ አዲሱ ጆሮ ይመታል። አፑ ቅንብር ውስጥ ድምፅ የሚያመጣጥን ማብሪያ አለ፣ አብሩት። ዘፈንን ከዘፈን የሚያደባልቀውን፣ ክሮስፌድ የሚባለውን ግን አጥፉት። ለጭፈራ ደህና ነው። ትዝታ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምት ነው የሚገባው፤ መሣሪያው ለብቻው ጥቂት ይንገዋለላል፣ ዘፋኙ ቆይቶ ይመጣል። አሥራ ሁለት ሰከንድ ካደባለቃችሁ ያንን መግቢያ የቀደመው ዘፈን ከበሮ ይበላዋል።

ስንት ዘፈን? የኔ ልክ ስድሳ ደቂቃ ነው፣ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዘፈን። ባለ ስድሳው ካሴት ሠላሳ ደቂቃ አንድ ፊት፣ ሠላሳ ሌላ ፊት ነበር፤ መሐል ላይ ተነስቶ መገልበጥ አለ። ያ መገልበጥ ጥሩ ነገር ነበር፣ ስምንተኛው ዘፈን ላይ አዲስ መግቢያ ያስፈልጋችሁ ነበር። ሁለት መቶ ዘፈን ያለበት ዝርዝር ዝርዝር አይደለም፣ መጋዘን ነው።

የስንብቱ ዝርዝር እንግዲህ በዚህ ልክ ነው የተሠራው። አንደኛው ፊት በኃይሉ መርጊያ የ1985ቱ አኮርዲዮን ይከፈታል (እ.ኤ.አ. ነው!)፤ ቃል የለውም፣ ማንንም አያጣድፍም። ችክችካ ምት ያለባቸው ከሁለት በላይ እንዳይከታተሉ አድርጌያለሁ፣ ሦስተኛው ላይ እግር ሳይሆን ጆሮ ነው የሚደክመው። ትዝታ፣ ማለቴ ዘፈኑ ራሱ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የገባው፣ አንዱ የማህሙድ፣ አንዱ የበዛወርቅ አስፋው። ስንብት ነው ተብሎ አሥር ትዝታ ከተደረደረ አራተኛው ላይ ሰው ስልኩን ያያል። በገና አላስገባሁም። የዓለሙ አጋን በገና የሚወድ ሰው ለብቻው፣ በጸጥታ፣ በተለይ በጾም ያዳምጠው፤ ከጭፈራ ጎን ማስቀመጡ ለሁለቱም አይሆንም።

መዝጊያው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 21 ላይ ካለው። እዚያ ላይ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከመጀመራችሁ በፊት ቅንብር ውስጥ ግቡና አውቶፕሌይ የሚለውን አጥፉት። ካላጠፋችሁት የእማሆይ የመጨረሻ ድምፅ ገና አየር ላይ እያለ አፑ ከየትም ያመጣውን የሠርግ ዘፈን ይለቅባችኋል።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።

(የፒያኖ ድምፅ)