«ተኛ» የሚለው ያጣ ሹፌር

በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ በእድር ስብሰባ ላይ ለወላጆችና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶቼ!

የእድራችን ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዣችን፣ እናቶችና አባቶች፣ እናንተም ለፈተና የምትዘጋጁ ልጆች፣ የእሁድ ከሰዓታችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ኮሚናሉ ጠባብ ነው፣ ወንበሩም አልበቃም። የቆማችሁ ታገሱኝ፤ አላስረዝምም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ አለበለዚያ አንሰማማም።

እንደምታውቁት ሥራዬ አውሮፕላን ማብረር ነው። ባለፈው ሳምንት ሻንጣዬን ይዤ ሰርቪስ ስጠብቅ ከብሎካችን አንድ ልጅ መጣ። «እህቴ፣ ሜዲስን ልግባ ወይስ ፓይለት ልሁን? የቱ ነው ብር ያለው?» አለኝ። ሰርቪሱ ደረሰና ሳልመልስለት ሄድኩ። ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። መልሱን ይዤለት መጥቻለሁ።

በብሩ እንጀምር። ሁሉም ሰው ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ነውርም የለውም። በብዙ አየር መንገዶች የአብራሪ ገቢ ከሦስት ነገር ይሰበሰባል። መነሻ ደመወዝ አለ። በበረራ ሰዓት የሚታሰብ ክፍያ አለ። ከቤት ውጭ ስናድር የሚሰጥ አበል አለ። ካፒቴንና ረዳት አብራሪ እኩል አይከፈላቸውም። ትልቅ አውሮፕላን የሚያበርና ትንሽ የሚያበርም እንደዚሁ ይለያያሉ። ስለዚህ «ፓይለት ስንት ይከፈለዋል?» ለሚል ሰው መጀመሪያ «የቱ ፓይለት?» በሉት።

የመሥሪያ ቤቴን የደመወዝ ዝርዝር እዚህ አላወራም። በይፋ የሚታተመውን የአሜሪካኖቹን ልጥቀስ። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለእ.ኤ.አ. 2024 ባወጣው መረጃ የአየር መንገድ አብራሪ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 226 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የነርስ 93 ሺህ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ 57 ሺህ ገደማ። መካከለኛ ማለት ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ቲክቶክ ላይ ያየ ልጅ ልቡ ይነሳል። የእኔም ተነስቶ ነበር። ግን እዚያው አገር ብዙዎቹ ለሥልጠናው 100 ሺህ ዶላር ገደማ ተበድረው ነው የጀመሩት። ከዚያ 1,500 የበረራ ሰዓት እስኪሞላላቸው በትንሽ ገንዘብ ሌላ ጀማሪ ሲያስተምሩ ይከርማሉ። ደግሞም ይህ ገንዘብ እንደወጣ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሁለቱም ሞተር የጠፋበትን አውሮፕላን ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155 ሰው ያተረፈውን ካፒቴን ሰለንበርገርን ታስታውሱታላችሁ። ከወር በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ቀርቦ ምን አለ? ደመወዜ 40 በመቶ ተቀንሷል፣ ጡረታዬም ተሰርዟል አለ። ዓለም ሁሉ ጀግና ባለው ሰሞን ነው ይህን የተናገረው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ በየአገሩ አውሮፕላኑ ቆሞ አብራሪው ቤቱ ዋለ።

አሁን ወደ ሮስተር ልምጣ። ሮስተር ማለት የወር የሥራ ድልድል ነው። እናቴ ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ግን ማንበብ አትችልም። ሰዓቱ የተጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ እኛ ዙሉ በምንለው ነው። 21 ሰዓት ከተባለ በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ነው፣ በእናቴ ሰዓት ደግሞ ከሌሊቱ 6። ስለዚህ ከጎኑ በእስክሪብቶ የእሷን ሰዓት እጽፍላታለሁ። የእህቴ ልጅ ክርስትና የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ፋሲካን ማን ጋ እንደምፈታ የምናውቀው ከዚያ ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት ጾሙን አውሮፕላን ውስጥ ነው የፈታሁት።

ሰው ግን ሌላ ነገር ሰምቶ ይመጣል። «እናንተ በወር 100 ሰዓት ብቻ ነው አሉ የምትሠሩት!» ይሉኛል። እውነት አለው። በብዙ አገሮች ሕግ አንድ አብራሪ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ እንዳይበር ተከልክሏል። በዓመትም 900 ወይም 1,000 ሰዓት ላይ ይገደባል። ቢሮ የሚውል ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ከሠራ በወር 200 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ታዲያ እኛ ግማሹን ነው የምንሠራው?

አይደለም። የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመብረር ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ነው። ቀድሜ ገብቼ የአየር ጠባይና የነዳጅ ወረቀት የማየው አይቆጠርም። ዩኒፎርሜን ተኩሼ፣ ስልኬን ከጎኔ አስቀምጬ «ይጠሩኝ ይሆን?» እያልኩ የምውልበት ስታንድባይም አይቆጠርም። በዓመት ሁለት ጊዜ የምንፈተንበት ሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ያለው የበረራ መለማመጃ ማሽንም እንደዚያው። ሰው አገር ሆቴል ውስጥ መጋረጃ ዘግቼ በቀን እንቅልፍ የምለምንበት ሰዓትማ ማን ይቆጥረዋል?

ሌላም አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የሰው አካል ከምንም ጊዜ በላይ ይዝላል። ይህን የእኛ ሙያ ስም ሰጥቶ፣ ሕግ ውስጥ አስገብቶ ነው የያዘው። በዚያ ሰዓት የሚያሠራ ድልድል በብዙ ቦታ የሥራ ሰዓቱ ያጥራል። ረጅም በረራ ሲሆን ሦስት ወይም አራት አብራሪ እንገባለን። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳናርፍ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱ ሲያበሩ ሁለቱ አልጋ ላይ ይተኛሉ። አዎ፣ እየተከፈለን እንተኛለን። ተኙ ተብለን ታዘን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው።

አባቴ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ይህን እንድናገር አስፈቅጄዋለሁ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ተሳቢ ይነዳ ነበር። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሰመራን እንደ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ልጅ ሆኜ ከጅቡቲ ሲመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ጫማውን ማውለቅ ይጀምራል። አንዱን ያወልቃል። ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። እናቴ ቀስ ብላ ማሰሪያውን ትፈታለታለች። እኔ እግሩን እይዛለሁ፣ ወንድሜ በላስቲክ ሳህን ውኃ ያመጣል። እግሩ ከፔዳሉ ብዛት አብጦ ካልሲው ሥጋው ላይ ምልክት ይሠራ ነበር። ያ ምልክት እስከ ማግስቱ አይጠፋም።

በማግስቱ የመኪናው ባለቤት ይደውላል። «ጭነት ተገኝቷል፣ መቼ ትወጣለህ?»

አንድ ሌሊት ከገዋኔ አለፍ ብሎ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ተገለበጠ። ማዳበሪያ ነበር የጫነው። እግዚአብሔር ይመስገን እሱም ረዳቱም ተረፉ። የተበተነው ማዳበሪያ ግን ከደመወዙ ላይ ለብዙ ወር ተቆረጠ። ስንት ሰዓት ሳትተኛ ነዳህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ተኛ ያለውም አልነበረም።

እኔ ሥልጠና ገብቼ የበረራ ሰዓት ገደብ ትምህርት ላይ ስደርስ ደብተሬን ዘግቼ አለቀስኩ። መምህሩ ከብዷት ነው ብሎ አሰበ። አልከበደኝም። አባቴ ነው ትዝ ያለኝ።

እንዲህ ያለ ሕግ እንዲሁ ከሰማይ አይወርድም። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 አሜሪካ ቡፋሎ አቅራቢያ የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት አውሮፕላኑ ፍጥነት እያጣ ነው ለሚለው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው። ድካምም ሁለቱን አብራሪዎች ሳይጎዳ አልቀረም ብለዋል። ረዳት አብራሪዋ ሥራ ለመግባት ከሲያትል ተነስታ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ሌሊቱን ስትጓዝ ነበር ያደረችው። ካፒቴኑ ኤርፖርት ውስጥ ሠራተኛ ማረፊያ ነው ያደረው። የሟች ቤተሰቦች ዋሽንግተን ድረስ እየተመላለሱ ጮኹ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እረፍት ያገኛል። ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓቱ ሳይቆራረጥ መተኛት የሚችልበት መሆን አለበት።

ግን ደንቡ ጭነት ብቻ የሚያመላልሱ አብራሪዎችን አላካተተም። ይህን ሳነብ አባቴ እንደገና ታወሰኝ። ጭነት አይጮህም። ጭነት ቤተሰብ የለውም። ሾፌሩ ግን አለው። አውሮፓ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ መኪናው ላይ የተገጠመ መቅጃ መሣሪያ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።

ወንድሜም ሐኪም ነው። ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም እያለ ከዲውቲ፣ ከሌሊት ተረኝነት ወደ ቤት ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ሁለት ጊዜ ጎሮን አልፎታል። አንድ ቀን ተያይተን ስንስቅ «አንቺ ሲደክምሽ ዛሬ ለበረራ ብቁ አይደለሁም ማለት ትችያለሽ፤ እኔ ለማን እላለሁ?» አለኝ። ሳቄ ቆመ። እኔ ብደክም ሕጉ አትብረሪ ይለኛል። እሱ ግን ደክሞትም መርፌ ይዞ ሕፃን ላይ ይጎነበሳል።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይህ ነው። ሜዲስን ወይስ ፓይለት ብለህ ስታወዳድር የደመወዙን መጠን ጻፍ። ከጎኑ ሌላ ዓምድ አስምርና «መቼ እተኛለሁ? ስደክም ማን ያስቆመኛል?» ብለህ ጻፍ። ከእኔ ሥራ ጥቅማ ጥቅም ሁሉ የሚቀናበት ነገር ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ነፃ ቲኬት አይደለም፣ ሆቴልም አይደለም። እሱ ሁለተኛው ዓምድ ነው።

ለወላጆች ሁለት ነገር ቶሎ ልበል። አንደኛ፣ ብዙ አየር መንገዶች በራሳቸው ወጪ አሰልጥነው ለዓመታት የሚያገለግሉበትን ውል ያስፈርማሉ። ዋስ ሁኑ ስትባሉ በደስታ ዘላችሁ አትፈርሙ። ልጁ ቢያቋርጥ ስንት እንደምትከፍሉ አንብቡ፣ የሚያውቅ ሰው አስነብቡ። ሁለተኛ፣ የእኛ ፈቃድ በጤና ላይ ቆሟል። በየዓመቱ እንመረመራለን፣ ከ60 ዓመት በላይ በየ6 ወሩ። አንድ የልብ ምርመራ ሙያውን ሊዘጋ ይችላል። ልጃችሁ ሌላም ነገር ይማር።

ሴቶች ልጆችም፣ አትፍሩ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል።

አሁን የመጨረሻ ጉዳዬን ላንሳ። ለሊቀመንበራችን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ግቢያችን ሁለት ጥበቃ አለው። 24 ሰዓት ሠርተው 24 ሰዓት ያርፋሉ። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ጋሼ ጥበቃችን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው እያንጎላጁ ነበር። መኪናውን ሲሰሙ ደንግጠው ተነሱና «ይቅርታ ልጄ፣ አልተኛሁም» አሉኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። በዕድሜ ከአባቴ አያንሱም። ቤቴ ገብቼ ሂሳቡን ሠራሁት። በ28 ቀን 336 ሰዓት ይሠራሉ። በሳምንት 84 ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሕጉ ለግቢ ጥበቃ ይሠራል አይሠራም ብለን አንከራከር። ሰውነታቸው ያው የሰው ሰውነት ነው።

ሦስት ጥበቃ ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 56 ሰዓት ይደርሳል። አራት ከሆኑ 42። እኔ አራት እንዲሆኑ ነው የምጠይቀው፤ የአሁኖቹ ደመወዝ ሳይነካ። ከየቤቱ በወር ስንት እንደሚደርስ ገንዘብ ያዣችን አስልተው ለቀጣዩ ስብሰባ ያቅርቡልን። አቅም የሌለው ቤት ካለ የእነሱን ድርሻ ለመጀመሪያው ዓመት እኔና ወንድሜ እንሸፍናለን። ተነጋግረንበታል። አባቴም «እኔም አለሁበት» ብሏል።

ጥያቄ ያለው ልጅ ስልኬን ከእናቴ ይውሰድ። ዛሬ ሌሊት በረራ አለኝ። አሁን 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ገብቼ መተኛት አለብኝ።