ውሃ ውስጥ ሽንት ለምን ይመጣል? ዋና ዋና የዋና ጥያቄዎች

[ምስል፦ ገንዳ ዳር የቆሙ እግሮች። አንዱ እግር ውሃውን ነካ አድርጎ ወዲያው ይመለሳል።]

ተራኪ፦

ውሃው 27 ዲግሪ ነው። አየሩም 27 ዲግሪ ነው። በዋና ልብስ ገንዳ ዳር ቆማችሁ ምንም አይመስላችሁም። እግራችሁን ውሃው ውስጥ ስትከቱ ግን "ኧረ ይበርዳል!" ብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ቴርሞሜትሩ አልተሳሳተም። እናንተም አላጋነናችሁም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ቆዳችን የውሃውን ሙቀት አይለካም። የሚለካው የራሱን ነው። ምን ያህል ቀዘቀዝኩ? በምን ፍጥነት? ቆዳችን ብዙውን ጊዜ 33 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ ደግሞ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ዲግሪያቸው እኩል ቢሆንም፣ ውሃው ከቆዳችን ላይ ሙቀት በሚነጥቅበት ፍጥነት አየሩ አይወዳደረውም። "በረደኝ" የምንለው ያንን ንጥቂያ ነው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ "ሞቋል፣ ግቡ!" እያልን ጓደኞቻችንን እንጠራለን። ውሃው ቅንጣት አልሞቀም። ቆዳችን ቀዝቅዞ ስለተረጋጋ የነርቮቹ ጩኸት ጋብ አለ፣ በቃ።

ዛሬ የምናነሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ እዚችው ላይ ያርፋሉ። ሰውነታችን ብዙ መለኪያ አለው። ግን የሚለካው እኛ "ይሄን ይለካል" ብለን የምናስበውን አይደለም። ውሃ ውስጥ ስንገባ ይሄ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንዳንዱ ያስቃል። አንዱ ግን ሰው ይገድላል፤ እሱ ጋ ስንደርስ ቆም እንላለን።

[ምስል፦ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው። ከእግሮቹ ወደ ደረቱ የሚወጡ ቀይ ቀስቶች።]

ገባን። አሥር ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ሽንት መጣ። ከመግባታችን በፊት ሽንት ቤት ደርሰን ነበር እኮ!

ብዙ ሰው "ብርዱ ነው" ይላል። ብርዱ ድርሻ አለው። ግን ለብ ያለ ውሃ ውስጥም ይመጣል። ዋናው ነገር ግፊት ነው። እስከ አንገታችን ውሃ ውስጥ ስንቆም ውሃው እግራችንንና ሆዳችንን ከዙሪያው ይጫናል፤ ወደ ታች በሄድን ቁጥር ደግሞ ጫናው ይበረታል። መሬት ላይ ስንቆም ወደ እግራችን ወርዶ የሚጠራቀም ደም አለ። ያ ደም አሁን ወደ ላይ፣ ወደ ደረታችን ይገፋል። መጠኑ ቀላል አይደለም፣ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ልብ የሚያውቀው ግድግዳው መወጠሩን ብቻ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ አልጨመረም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ልብ ግን ይሄን የሚለይበት መንገድ የለውም። "ፈሳሽ በዝቷል፣ ይቀነስ" ብሎ ለኩላሊት መልእክት ይልካል። መልእክተኛው ከላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ይሄ የታወቀው ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አዶልፎ ደ ቦልድ የተባለ ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ ከአይጥ ልብ የተዘጋጀ ጭማቂ ለሌሎች አይጦች ሲሰጥ፣ አይጦቹ ሽንታቸው በአንድ ጊዜ ጨመረ። ልብ ደም ከመግፋት አልፎ ሆርሞን አመንጪ አካል መሆኑ ያኔ ግልጽ ሆነ። አንጎልም በበኩሉ "ውሃ ያዝ" የሚለውን ሌላ ሆርሞን ይቀንሳል። ኩላሊት ምን ያድርግ? የታዘዘውን ይሠራል።

ጠፈርተኞችም ላይ የሚደርሰው ተመሳሳይ ነው። ወደ ታች የሚስብ ክብደት ስለሌለ ፈሳሹ ወደ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎቷቸው ላይ ፊታቸው አበጥ ብሎ፣ እግራቸው ቀጥኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሽንት መምጣቱ የሰውነት ሥራ ነው፣ አያሳፍርም። እዚያው መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ገንዳው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ ንጹሕ ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ተገላቢጦሽ ነው! ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ በአብዛኛው ክሎሪን ከሽንትና ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ዓይን የሚያቀላውም እሱ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ሽታው እምብዛም ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ውሰዱ የሚባለው ለጌጥ አይደለም።

[ምስል፦ የተጨማደደ የጣት ጫፍ በቅርበት። ሸንተረሮቹ እየጎሉ ይሄዳሉ።]

እስቲ አሁን ጣታችሁን እዩ። ተጨማዷል። መዳፋችሁን ገልብጡት፣ የእጃችሁ ጀርባ ግን አልተነካም። የሚጨማደዱት የእጅና የእግር ጣቶች፣ መዳፍና የውስጥ እግር ናቸው።

የለመድነው ማብራሪያ "ቆዳው ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ሲሰፋ ተጨማደደ" የሚል ነው። ይሄ ማብራሪያ ግን ውሃ አያነሳም። ቶማስ ሉዊስ እና ጆርጅ ፒከሪንግ የተባሉ ሁለት ብሪታንያዊ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ ነገር አስተዋሉ። የእጅ ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎች ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ቢነክሩም፣ ያ ነርቭ የሚያገለግለው የጣት ክፍል አይጨማደድም። ቆዳው ያው ቆዳ ነው። ውሃውም ያው ነው። የጎደለው ነርቭ ብቻ ነው። ነገሩ ውሃ የመምጠጥ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ነርቭ ኖረ አልኖረ ምን አገባው?

የሚሆነው ይሄ ነው። ውሃ በላብ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያለው የጨው ሚዛን ይለወጣል። ነርቭ ይሄን ይሰማና የጣት ጫፍ ላይ ያሉትን ደም ስሮች "ጠበብ በሉ" ይላቸዋል። ደም ሲቀንስ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል። ላዩ ያለው ቆዳ መጠኑ ስላልቀነሰ ይጨማደዳል። ጣቱ አላበጠም ማለት ነው፤ እንዲያውም ከውስጥ ቀንሷል።

ሐኪሞች ይሄን ለምርመራ ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 አየርላንዳዊው ሐኪም ሼማስ ኦሪየን የእጅ ነርቭ መሥራት አለመሥራቱን በውሃ የሚፈትሽ ቀላል ዘዴ ይፋ አደረገ። "ይሰማሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ለማይቻል ሕፃን ይሄን የመሰለ ዘዴ የለም። እጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየትና ማየት ነው።

ጥቅሙስ? እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ሲከራከሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ጣታቸው የተጨማደደ ሰዎች ከውሃ ውስጥ ብይ ሲያነሱ ፈጠን አሉ። በዓመቱ ሌላ ቡድን ሞከረውና ልዩነት አጣ። በ2021 ደግሞ ከ500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ጥያቄውን ቀየር አደረገው፤ ፍጥነቱን ትቶ የመጨበጫ ጉልበቱን ለካ። የተጨማደደ ጣት እርጥብ ነገር ለመያዝ ካልተጨማደደ እርጥብ ጣት ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሸንተረሮቹ ውሃውን ወደ ጎን ያስወጡታል፣ ቆዳው ዕቃውን ያገኘዋል።

[ምስል፦ ስክሪኑ ይጠቁራል። ከውሃ በታች የአረፋ ድምፅ።]

አሁን ቆም የምንልበት ጋ ደረስን። ትንፋሽ።

ውሃ ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን ስንቆይ "በቃ፣ አልቻልኩም" የሚያሰኘን ምንድን ነው? "ኦክስጅን ሲያልቅ" የሚል ይበዛል። አይደለም። አንጎላችን በዋነኛነት የሚከታተለው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው፤ ሰውነት ኦክስጅን ተጠቅሞ የሚያወጣውን ቆሻሻ አየር። እሱ ሲጠራቀም ደረታችን ይጨነቃል፣ ደረትና ሆዳችንን የሚለየው ጡንቻ (ዲያፍራም) ይንፈራገጣል፣ "ተንፍስ!" የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ምድጃ ውስጥ የቀረውን እንጨት ሳያይ፣ በጭሱ ብዛት ብቻ የሚወስን ሰው በሉት።

በየቀኑ ኑሮ ይሄ ዘዴ በደንብ ይሠራል። ጭስ ከበዛ እንጨት እየነደደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጭሱን አስቀድመን ስናባርረው ነው።

ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል የሚተነፍስ ሰው አይታችኋል? "ኦክስጅን ልሙላ" ብሎ ነው። ግን ደማችን በተለመደው አተነፋፈስ እንኳን መያዝ ከሚችለው ኦክስጅን 97 ወይም 98 በመቶውን ይዟል። የሚሞላ ቦታ የለም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ይወጣል። ሰውየው ውሃ ውስጥ ሲገባ "ተንፍስ" የሚለው ማንቂያ በጣም ይዘገያል። ምቾት ይሰማዋል። "ዛሬስ ጎብዣለሁ" ይላል። ኦክስጅኑ ግን በዚያው ፍጥነት እየወረደ ነው። ማንቂያው ሳይጮህ ኦክስጅኑ አንጎልን ከሚያነቃበት መጠን በታች ይወርዳል። ሰውየው እዚያው ራሱን ይስታል። አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም። ከላይ ለሚያየው ሰው አሁንም እየዋኘ ሊመስል ይችላል።

ለዚህ የሚጋለጡት ዋና የማይችሉት አይደሉም። በአብዛኛው ጎበዞቹ ናቸው፣ ከራሳቸው ጋር የሚፎካከሩት። ጥልቀትም አያስፈልገውም፤ ቆማችሁ ደረታችሁ ላይ በሚደርስ ገንዳ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ከመጥለቃችሁ በፊት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ የለም። ትንፋሽ የመያዝ ውድድርም፣ ብቻችሁን ሆናችሁ መለማመድም የለም። ልጆች "ማን ብዙ ይቆያል?" ሲጫወቱ ካያችሁ አስቁሟቸው። ቢቆጡ ይቆጡ።

[ምስል፦ ከገንዳው የሚወጣ ሰው፣ ፎጣ ፍለጋ ይሮጣል።]

ወጣን። ውጪው ከውሃው አይቀዘቅዝም፣ እኛ ግን ጥርሳችን ይንገጫገጫል። ቆዳችን ላይ የቀረው ውሃ እየተነነ ነው፤ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ ከእኛው ይወስዳል።

ስፖርት ስንሠራ ላብ የሚያቀዘቅዘንም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለፍላት የሚያደርስ ነው። ቁም ነገሩ "ሲተን" የምትለዋ ላይ ነው። ጠብ ጠብ ብሎ መሬት ላይ የወደቀ ላብ አላቀዘቀዛችሁም፣ ውሃና ጨው ይዞባችሁ ሄደ እንጂ። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላብ በላብ ሆነን እንኳን የማይቀለን ለዚህ ነው። ዋናተኛም ያልበዋል፣ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አይታየውም እንጂ።

[ምስል፦ የማራቶን ሯጮች። የሚዘረጉ የውሃ ኩባያዎች።]

ላብ ካነሳን፣ ምን ያህል ውሃ እንጠጣ?

ጥማት ሊትር አይቆጥርም። አንጎላችን የሚለካው የደማችንን መወፈር ነው፤ ጨውና ውሃው ምን ያህል ተመጣጥነዋል የሚለውን። አንድ ሁለት በመቶ ከፍ ሲል ጥማት ይመጣል። ይሄ መለኪያ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ነው። እኛ ግን "ሳይጠማህ ጠጣ" እያልን ጆሮ ዳባ ልበስ ስንለው ኖረናል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ተመራማሪዎች ከ488 ሯጮች ደም ወሰዱ። 13 በመቶዎቹ የደማቸው ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን) ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኘ። ሦስቱ አደገኛ ደረጃ ላይ ነበሩ። ምክንያቱ በአብዛኛው ላብ አልነበረም። ከሚያጡት በላይ መጠጣታቸው ነበር። በሩጫ ወቅት ሰውነት ውሃ የሚይዝ ሆርሞን ስለሚለቅ ኩላሊት ትርፉን ቶሎ ማስወጣት ያቅተዋል። ደም ሲቀጥን ውሃው ወደ ሕዋሳት ይገባል፣ አንጎል ያብጣል። አንጎል ደግሞ የራስ ቅል ውስጥ ነው፤ የሚያብጥበት ቦታ የለውም።

"እኔ ውሃ ሳይሆን የስፖርት መጠጥ ነው የምጠጣው" የሚል አይጠፋም። አያድንም። እዚያ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከደማችን ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ከልክ በላይ ከተጠጣ ደምን ያው ያቀጥናል።

ቤታችሁ ሚዛን ካለ ቀላል መፈተሻ አለ። ከረጅም ልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። ትንሽ ብትቀንሱ የሚጠበቅ ነው። ከጨመራችሁ ግን የጨመራችሁት ውሃ ነው። ምልክቶቹን ደግሞ እወቋቸው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእጅ ጣት አብጦ ቀለበት መጥበቅ፣ ግራ መጋባት። ብዙዎቹ ከሙቀት ምት ጋር ስለሚመሳሰሉ በዓይን ብቻ አይለዩም፤ ሐኪም የደም ምርመራ ያደርጋል። እናንተ ግን ግራ ተጋብቶ የሚንገዳገድ ሯጭ ካያችሁ፣ ሐኪም ጥሩለት፤ ሌላ ጠርሙስ ከማቀበላችሁም በፊት እስካሁን ምን ያህል እንደጠጣ ጠይቁ።