ካሴቱ ያለቀበት ቦታ

ሰላም፣ ሰላም። እንኳን ደህና መጣችሁ። አሁን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሐዋሳ ተኝታለች። ባጃጆቹም ዝም ብለዋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ አንዱ ከአቶቴ በኩል እየበረረ ያልፋል። ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ አርባ ሰከንድ ነው። አርባ ሰከንድ ገደማ የሆነች የዘፈን ጭራ። እሷ ጋ እስክንደርስ ግን ትንሽ መንገድ አለ፤ ቡና ያላችሁ ቅዱ።

እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሙዚቃ የምሰማ ሰው ነኝ። ምግብ እየሠራሁ አይደለም፤ ስልክ እየነካካሁም አይደለም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ መስማት ብቻ። ባለቤቴ «አመል» ትለዋለች። ሳሎናችን ውስጥ ከከተማ ሲለቅ ዕቃውን ከሸጠ ሰው የገዛኋቸው ሁለት ስፒከሮች አሉ። አምፕሊፋየሩ በዕድሜ ይበልጠኛል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ቁጥር ወደ ድምፅ የምትቀይር የክብሪት ሳጥን የምታክል ዳክ አለችኝ። አዲስ ነገር ብትኖር እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ስገጥመው ያገኘሁት ሙዚቃ አልነበረም፤ «እምምም» የሚል ድምፅ ነበር። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ያ እምምታ ራሱ መብራቱ ነው፤ በ50ና በ100 ኸርዝ ስፒከር ውስጥ ገብቶ ሲዘፍን። ቤታችን የመሬት ሽቦ አልነበረውም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ግቢው ውስጥ የብረት ዘንግ እንዲቀብርልኝ ተስማማን። አከራያችን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወጥተው ጉድጓዱን አዩትና «ልጄ፣ ምን ልትቀብሩ ነው?» አሉኝ። ለሙዚቃ ነው አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጎሽ» ብለው ገቡ። እምምታው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ከወንበሬ ሆኜ አልሰማውም።

ቀጥሎ ግድግዳው መጣ። ባዶ ብሎኬት፣ የሲሚንቶ ወለል። አንዴ ካጨበጨባችሁ ግድግዳውም አብሮ ያጨበጭባል። እናቴ የሰጠችኝን ወፍራም ጋቢ በግራ በኩል ሰቀልኩት። ጋቢ ቀጭኑን ድምፅ ዋጥ ያደርጋል። ቤዙን ግን አይነካውም፤ ለቤዙ ስፒከሩን ከጥግ ማራቅ ነው ያለው። እናቴ መጥታ ጋቢዋን ግድግዳ ላይ ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም።

እሺ፣ ወደ ሎስለስ እንግባ፤ ምንም ሳይጎድልበት የሚቀመጥ የድምፅ ፋይል ማለት ነው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፈዋል። ግራና ቀኝ ሁለት ናቸው። አባዙት፤ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይመጣል። ያኔ ይህን በስልክ መስመር መላክ የማይታሰብ ነበር። ኤምፒስሪ የመጣው ለዚህ ነው። ጆሮ አይሰማውም የሚለውን፣ ለምሳሌ ከከበሮ ምት ሥር የተደበቀውን ቀጭን ድምፅ፣ ይጥልና 128 ወይም 320 ኪሎቢት ያደርገዋል።

እኔ ኤምፒስሪን ቋንጣ ነው የምለው። ይጣፍጣል፣ ይቆያል፣ ለመንገድ ይመቻል። ውሃ ውስጥ ስለዘፈዘፋችሁት ግን ተመልሶ ጥሬ ሥጋ አይሆንም። ፍላክ የሚባለው የሎስለስ ፋይል ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ነው። ሲታጠፍ ቁምሳጥን ውስጥ ግማሽ ቦታ ይይዛል፤ ሲዘረጋ አንድ ክር አልጎደለበትም። ፍላክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ነፃ ነው፤ የፋይሉን መጠን ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል። ሲከፈት እያንዳንዱ ቁጥር እንደነበረ ይመለሳል።

ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰሙት የስትሪሚንግ ድርጅቶች ዘግይተው ነው የገቡበት። ታይዳል እ.ኤ.አ. በ2014 ጀመረ። አፕል ሙዚክ በሰኔ 2021 ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለቀቀው። ስፖቲፋይ በየካቲት 2021 ይመጣል ብሎ፣ የመጣው በመስከረም 2025 ነው። እኔ የምጠቀምበትን ውጭ ያለችው እህቴ ናት የምትከፍልልኝ፤ እግዜር ይስጣት። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ማስታወቂያ አልሠራም።

አሁን ትልቁ ጥያቄ። ልዩነቱ ይሰማል ወይ?

እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ እሁድ ኤምፒስሪን ከሎስለስ መለየቴን እንድትፈትነኝ ባለቤቴን ለመንኳት። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት፤ እኔ ፊቴን ወደ ጋቢው። እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እገምታለሁ፣ እሷ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። አንድ ነገር ግን ቀድሜ አስተካክዬ ነበር፤ የሁለቱ የድምፅ መጠን እኩል እንዲሆን። ይህን ካላደረጋችሁ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ «ይሄ ይሻላል» ይላል።

መጀመሪያ 128ን ከሎስለስ ጋር። የመረጥኩት በገና ነበር። በገና አሥር ክር አለው፤ ክሩ ከድልድዩ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል። ያ ጥርር የሚለው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ንዝረት ከቆዳው ነው የሚመጣው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ድምፆች ባንድ ላይ ናቸው። 128 ላይ ያ ጥርርታ ይቀላቀላል፤ ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ ካፊያ ይሆናል። ከሃያው አሥራ ሰባቱን መታሁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ወንበሬ ላይ ተዘርግቼ እግሬን ሁሉ ሰቅዬ ነበር።

ከዚያ 320ን ከሎስለስ ጋር። ከሃያው አሥራ አንድ።

አሥራ አንድ! ሳንቲም ወርውሬ ብገምት ኖሮ ያው ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ታዲያ እህትህ ለምንድነው የምትከፍለው?» አለችኝ።

ያን ማታ ምንም መልስ አልነበረኝም። አሁንም ግማሽ መልስ ነው ያለኝ። ከጥርጣሬዬ መገላገልን ነው የገዛሁት። በ320 ስሰማ አንድ ነገር ካልጣመኝ «ፋይሉ ይሆን?» እያልኩ አእምሮዬ ይሸሻል። በሎስለስ ስሰማ ካልጣመኝ፣ አልጣመኝም። በቃ። ፋይሉን ወቅሼ የማመልጥበት በር የለም። ለሌላው ሰው ይህ ገንዘብ ያወጣ እንደሆነ እንጃ፤ ለእኔ ያወጣል።

ከሲዲ በላይ ስላለው፣ 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ስለሚባለው፣ ማለትም ድምፁን በሰከንድ 192,000 ጊዜ ስለሚለካው፣ አጭር ነገር ልበል። 44,100 ልኬት እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ጣሪያው 20 ነው ይባላል፤ እሱም የልጅ ጆሮ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ 16 ኪሎኸርዝ የሆነ ፉጨት ከፍቼ ምንም ስላልሰማሁ ስፒከሩ ተበላሸ ብዬ ገመዱን ስፈታታ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከጓዳ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። «አባ፣ አጥፋው!» ከዚያ ቀን ጀምሮ 192 የሚል ሳይ ለእሷ ነው የተጻፈው እላለሁ። እሷ ደግሞ የምትሰማው በስልክ ስፒከር ነው።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የብሉቱዝ ስፒከር ይዞ መጥቶ «ሎስለስ ነው የከፈትኩት» አለኝ። ወንድሜ፣ ብሉቱዙ ራሱ መንገድ ላይ ጨምቆታል። ኤልዳክ የሚባለው ደህናው የብሉቱዝ አጨማመቅ እንኳ ጣሪያው 990 ኪሎቢት ነው፤ ከ1,411 አይደርስም። ይህን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ ይዞ አልመጣም፤ ሙዝ ነው የሚያመጣው።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ደግሞ ኑሮ ራሱ ያስተምራችኋል። የሲዲ ጥራት ያለው ሎስለስ በሰዓት 400 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በ320 ሲሆን 144 ነው። ስለዚህ እኔ የሌሊት ጥቅል እገዛና አውርጄ አስቀምጣለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስትሪም ላድርግ ካላችሁ ትዕግሥታችሁን ነው የምትለማመዱት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁላችንም እኩል ነን።

ቆይ... ይሰማችኋል? ዝናቡ መጣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ነው ያለን። ክረምት ላይ የእኔ መሣሪያ ሁሉ ባዶ ነው፤ ጣሪያው አንዴ ከጀመረ አሸናፊው እሱ ነው። ማይኩን ጠጋ ላድርገው። ደግሞም ይህን ድምፄን እናንተ የምትሰሙት ተጨምቆ ነው፤ ቋንጣ ነኝ ማለት ነው።

እሺ። አርባ ሰከንዷ።

አባዬ ወጣት ሳለ ማታ ማታ ከሬዲዮ ይቀዳ ነበር። የሚወደው ዘፈን ሲመጣ ሁለቱን ቁልፍ ባንድ ላይ ይጫናል። ካሴት ውድ ስለነበር ሌላ ዘፈን ላዩ ላይ እየቀዳ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ እየበላ ነው የሚሄደው። ከነዚያ ውስጥ አንድ ትዝታ ነበር። ልጅ ሆኜ ቤታችን ስንት ሺህ ጊዜ እንደተጫወተ እንጃ። ዘፋኙ የመጨረሻውን ስንኝ ይልና፣ ሳክስፎኑ ገና ትንፋሽ ሲስብ፣ ጋዜጠኛው ይገባል። «ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ...» ቀጭ። ዘፈኑ አለቀ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ዘፈኑ እዚያ ላይ የሚያልቅ ነበር የሚመስለኝ። ሰዓቱ ራሱ የዘፈኑ አካል ነበር።

ባለፈው ዓመት ዘፈኑን በሎስለስ አገኘሁት። መጀመሪያው ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል የሸክላ ድምፅ ስላለው የተገለበጠው ከሸክላ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ሎስለስ ማለት ከገለበጡት ነገር ላይ ምንም አልጎደለም ማለት እንጂ የተገለበጠው ነገር ንጹህ ነበር ማለት አይደለም። አምሃ ሪከርድስ የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ሙዚቃችን የሚወጣው በሸክላ ነበር። በደርግ ዘመን ካሴት ተተካ። ካሴት ደግሞ ከካሴት እየተገለበጠ፣ እየተገለበጠ ሄደ። ዛሬ ሎስለስ ተብለው ከተጫኑት የኛ ዘፈኖች ብዙዎቹን ስትከፍቱ የሚመጣው «ሽሽ» የሚለው የካሴቱ ሽሽታ ነው፤ ክሩ ሲጎተት ድምፁ የሚወላገደው፣ የግራው ስፒከር የሚደክመው፣ ሁሉም አንድ ሳይቀር። ሽሽታው ምንም አልጎደለበትም። አንዳንዱ በዚህ ይናደዳል። እኔ አልናደድም፤ የሆነውን ነው የሚያሰማኝ። አጽድተነዋል ብለው ሽሽታውን ከነመሰንቆው ጠርገው ያወጡት ነው የሚያናድደኝ።

ወደ ዘፈኑ። የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። ሳክስፎኑ ትንፋሽ ሳበ። እኔም ሳብኩ። ጋዜጠኛው አልመጣም።

ሳክስፎኑ ቀጠለ። አርባ ሰከንድ ያህል። ይወጣል፣ ይመለሳል፣ አንድ ቦታ ላይ የነፋሱ ድምፅ ከሸምበቆው ላይ ሲያመልጥ ይሰማል፤ ከዚያ ቤዙ አንድ እግር ዘግይቶ ይከተለዋል። ሰውየው ያን ማታ እዚያ ቆሞ ነፍቶት ነበር። እኛ ቤት ግን አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። ሲያልቅ እንደገና ከፈትኩት። እንደገና። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

አባዬን ጠራሁት። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ታቦር ሥር ነው የሚኖረው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት፤ ባለቤቴ እንኳ የማትቀመጥበት ወንበር ነው። ጋቢውን አየና «ይሄ የእናትህ አይደለም?» አለ። አለፍኩት። ምንም ሳልነግረው ከፈትኩለት።

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። በጣቱ የወንበሩን እጀታ ይመታል። ስንኞቹን በከንፈሩ ብቻ ይላቸዋል። እኔ ዘፈኑን ትቼ ፊቱን ነው የማየው፤ ያቺ ቦታ ስትመጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ቸኩያለሁ።

የመጨረሻው ስንኝ አለቀ። ሳክስፎኑ ትንፋሽ ሳበ። አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ ድምፁን ወፍራም አደረገና፣ «ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ» አለ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳሉ እስኪመጣ ሳቀ። ሳክስፎኑ ከሥር እየነፋ ነበር። አልሰማውም።

እንደገና አስጀመርኩት። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሰዓቱን ነገረን።

ደህና እደሩ።