ያቺ ጭረት

እ... ባለፈው የጀመርኩላችሁን የቤት ኪራይ ታሪክ ዛሬ ልጨርስ ነበር፣ ቃል ገብቻለሁ። ግን የካናዳ ነባር ሕዝቦች መንደር ውስጥ የጤና መጠይቅ ላስሞላ ከሄድኩበት ከሰሜን ኦንታሪዮ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አንዲት ጭረት ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ።

ኩኩም ቤት ነን። በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ሻይ ቀድተውልኛል፣ አስተርጓሚዋ መሃላችን ተቀምጣለች። መጠይቁን አነበብኩ፦ ባለፉት 12 ወራት ለእርስዎ ያልታዘዘ የሕመም ማስታገሻ ወስደዋል? አሰብ አደረጉና "አዎ" አሉ። ወገባቸውን ይዟቸው፣ በጭጋግ ምክንያት አውሮፕላኑ ቀርቶ፣ መድኃኒታቸው አልቆ ነበር። እህታቸው ከራሷ ብልቃጥ ሁለት ፍሬ ቆጥራ በጨርቅ ቋጥራ ላከችላቸው። በጣታቸው አሳዩኝ፣ ሁለት። "አዎ" የሚለው ላይ ጫር አደረግኩ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አሉኝ።

"ምንም፣ ምልክት ብቻ ነው።"

ምንም! ያቺ ሳጥን እኮ የምትቆጠረው "መድኃኒትን ያለአግባብ መጠቀም" በሚለው ስር ነው።

እቴቴን ታውቋታላችሁ። የጎረቤት ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ከኛ መሳቢያ አሞክሳሲሊን ትልክ ነበር። እሱም ልክ አልነበረም፣ አውቃለሁ። ግን ያንን ማን በሱስ ቆጥሮት ያውቃል?

ደግሞ... የኒሽናውቤ አስኪ ኔሽን፣ የሰሜን ኦንታሪዮ ነባር ሕዝቦች ኅብረት፣ አለቆች በ2009 (በፈረንጆቹ) በሐኪም በሚታዘዝ መድኃኒት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ያወጁት በከንቱ አይደለም። ኦክሲኮንቲን የሚባለው ሱስ የሚያስይዝ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ቤት እየፈታ ነበር። በ2012 ከካናዳ ገበያ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ፣ ይህ ሁሉ ሰው ባንዴ ሲቋረጥበት ምን ይሆናል የሚል። ካት ሌክ የምትባለው የዚያው አካባቢ መንደር የራሷን አዋጅ ያወጣችው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ስለዚህ መጠይቁ ይቅር አልልም። ግን የእህት ሁለት ፍሬና በድብቅ የሚሸጠው ክኒን አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ...

ኦካፕ (OCAP) የሚባለው የካናዳ ነባር ሕዝቦች የመረጃ መርህ ከ1998 ጀምሮ አለ። መረጃው የማኅበረሰቡ ነው፣ ባለቤትነቱም፣ ቁጥጥሩም። ያንን ተቀብዬ ነው የሄድኩት። እንግዲያው ያቺ ጭረት የሳቸው ናት። ልደውል እችላለሁ። ደውዬ ምን እላለሁ? "ምንም ያልኩዎት..."

ጨርቁን ነግሬያችኋለሁ? ታጥቦ፣ ታጥፎ መደርደሪያው ላይ ነበር። ዓሣ እስኪገኝ እየጠበቁ ነው አለችኝ አስተርጓሚዋ። ባዶውን አልመልስላትም ብለው...