«ለህክምና ነው?» አይ፣ ለመዝናናት ነው

እሷ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬም ከባሕር ዳር ነን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ስለሆነ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ፣ ከኛ ሳይሆን ከላይ ነው። ዛሬ እንግዳ የለንም። እንግዳው ራሱ ይሄ አብሮኝ የሚያወራው ሰውዬ ነው፣ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ኢስታንቡል ሲንሸራሸር ከርሞ መጣላችሁ።

እሱ፦ ሁለት ሳምንት አትበይ፣ ዘጠኝ ቀን ናት።

እሷ፦ እሺ ዘጠኝ ቀን። አዲስ ለሆናችሁ አድማጮች፣ ወንድሜ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው፣ በድምፅ ስለሆነ አይታያችሁም እንጂ አሁንም ጠረጴዛው ስር አውልቆ አስቀምጦታል።

እሱ፦ ሞቀኛ! የመኪና አደጋ ነው፣ ስምንት ዓመት ሆነው፣ እሱን ዛሬ አንከፍተውም፣ እኔም ሰልችቶኛል።

እሷ፦ ከምን እንጀምር?

እሱ፦ ከሰው ጥያቄ። ማርያምን፣ ልሄድ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ ተነጋግሮ የጠበቀኝ ነው የሚመስለው፣ ጎረቤቱም የባጃጅ ሹፌሩም ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴም በስልክ አንድ ቃል፣ «ለህክምና ነው?»። አይ ለመዝናናት ነው ስላቸው ትንሽ ዝም ይሉና «እግዚአብሔር ይማርህ» ይሉኛል። አክስቴማ «ምን ሁነህ ነው ደግሞ አሁን?» ብላ ስለት ተሳለችልኝ። እኔ የታመምኩት ነገር የለም እኮ!

እሷ፦ እኔም ልናዘዝ? መጀመሪያ ስትነግረኝ አዲስ እግር ሊያሠራ ነው ብዬ ነበር።

እሱ፦ አየሽ፣ አንችም! እግሩ የጎደለ ሰው ከሀገር የሚወጣው ለሀኪም ብቻ ነው ተብሎ ተወስኗል ማለት ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን ያፀደቀችው በ2002 ነው፣ አንቀጽ 30 የሚያወራው ስለ ባህል፣ ስለ መዝናናትና ስፖርት ነው፣ መዝናናት ማለት ተፈርሞ የጸደቀ ነገር ነው። አክስቴን አንቀጽ 30 ብላት ግን «እሱ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የሚዋጥ?» ነው የምትለኝ።

(ሳቅ)

እሷ፦ ብሩንስ? ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

እሱ፦ ዕቁብ ደረሰኝ። አለቀ። ሌላው በዕቁቡ ፍሪጅ ይገዛል እኔ ትኬት ገዛሁ፣ እናቴ እስካሁን ፍሪጁን ነው የምታስበው።

እሷ፦ እግሩን ራሱን ትንሽ አስረዳን እስቲ፣ ሰው በፊልም ያየው የብረት ሮቦት ይመስለዋል።

እሱ፦ ሮቦቱማ አለ፣ ጉልበቱ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው፣ ባትሪ የሚሞላ፣ ዋጋው ቤት ያሠራል። የኔ እዚሁ ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል የተሠራ ነው። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በብዙ ሀገር ያስፋፋው አሠራር ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ ሲለብሱትም ቀላል ነው፣ ከተበላሸም እዚሁ ይጠገናል። በነገራችን ላይ ያ ድንኳን ውስጥ የሚደረደረው የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራው ከዚሁ ነው፣ ሰርግ ስሄድ እኔና ወንበሩ ዘመዳሞች ነን።

እሷ፦ ሆሆ! እሺ በረራው እንዴት ነበር?

እሱ፦ ይሄን እንደኔ ለሆኑት ቀስ ብዬ ልናገር ምክንያቱም የነገረኝ አልነበረም። ትኬት ስትቆርጡ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልገፋ ትላላችሁ፣ አትፈሩ፣ መራመድ ብትችሉም ጠይቁ፣ ትልቅ ኤርፖርት ማለት እዚህ ባሕር ዳር ከፓፒረስ ተነስተሽ ቀበሌ አስራ አራት በእግር እንደመሄድ ነው። ሠራተኞቹ ሦስት ኮድ አላቸው፣ ደብሊው ሲ ኤች አር ካሉ ደረጃ ትወጣለህ ግን ሩቅ አትሄድም ነው፣ መጨረሻው ፊደል ኤስ ከሆነ ደረጃም አትወጣም፣ ሲ ከሆነ እስከ መቀመጫህ ድረስ ይወስዱሃል። እኔ ኮራሁና ምንም አልፈልግም አልኩ፣ ስሄድ። ስመለስ ግን አር ብላችሁ ጻፉልኝ ነው ያልኳቸው።

እሷ፦ ፍተሻውስ? እኔን በቀበቶ ዘለበት ያስጮሁኛል።

እሱ፦ ፕላስቲክ ነው ብዬ ተማምኜ፣ ለካ የእግሩ ብሎኖች ብረት ናቸው፣ ጢጥ አለ። እኔ ቀድሜ ነው የምናገረው፣ ሱሪዬን ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ ሰው ፊት ካልፈለጋችሁ ለብቻ ክፍል ውስጥ ፈትሹኝ ማለት ይቻላል። አንዱ ጋ ቁራጭ ጨርቅ ነገር አምጥተው እጄንና እግሩን ጠረጉና ማሽን ውስጥ ከተቱት፣ ፈንጂ የነካ እንደሆነ ነው የሚያየው። ሌላው ደግሞ መፍቻዋን፣ መካኒኮች ብሩጎላ የሚሏትን፣ ይዤ ነበር፣ ትንሿን ስለሆነ አለፈች፣ ብሎን ቢላላብኝ ኢስታንቡል ላይ ማን አለኝ?

እሷ፦ እና አውሮፕላን ውስጥ ምን ሆነ፣ ያን ንገራቸው።

እሱ፦ ኧረ ተይኝ! እሺ። ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ምናምን ነው፣ ከተነሳን በኋላ እንደ ቤቴ አወለቅኩት፣ ተመቸኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሊያርፍ ሲል እግሬን ላስገባ ብል አልገባም አለ። ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሁላችሁም እግር ጫማ ውስጥ ያብጣል፣ የኔ ጉቶ፣ ከተቆረጠው እግሬ የቀረው፣ ግን ጥብቅ ያለ ነገር ካልያዘው ያገኘው ቦታ ላይ ነው የሚነፋው። ሰው ሁሉ ቦርሳውን እያወረደ እኔ እግሬን በእጄ ይዤ እንደ ጠፋ ልጅ ተቀምጫለሁ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ መጀመሪያ አልገባትም ነበር፣ ዞር ብላ እግሩን እጄ ላይ ስታየው አማተበች መሰለኝ።

እሷ፦ (ሳቅ) ከዛስ?

እሱ፦ ከዛ ተስፋ ቆርጬ በላስቲኩ ፋሻ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት፣ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሰቀልኩት፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ጠበቅኩ፣ ጉቶው ላይ የማደርገውን ካልሲ ቀነስኩና ገባ። እና ምክሬ፣ አጭር በረራ ከሆነ አታውልቁት፣ ካወለቃችሁ ደግሞ ፋሻውን ወዲያው ጠቅልሉ፣ መተላለፊያው ጋ ያለውን ወንበር ጠይቁና በየሰዓቱ ተነሱ። ስመለስ እንደዛ አደረኩ፣ ሰላም ነበር።

እሷ፦ ካልሲ ስትል ግን ሰው አይገባውም፣ እኔም ዘጌ ስንሄድ ነው የገባኝ። ከጀልባው ወርደን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ ስንወጣ እሱ በየመሃሉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይልና ካልሲ ይደርባል፣ በዛ ሙቀት! በረደው እንዴ ብዬ።

እሱ፦ ጉቶው ቀኑን ሙሉ ሲረገጥ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ይሰፋል፣ ከሰፋ ደግሞ ወደ ውስጥ ትሰምጫለሽ፣ አጥንቱ ይመታል፣ ይቆስላል። ስለዚህ ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ ሁለት፣ ማታ ሦስት ካልሲ። ቱሪስቱ ውሃና ካሜራ ይይዛል እኔ ካልሲ ነው የያዝኩት። ማታ ሳወልቅ በስልክ ካሜራ ከስር አየዋለሁ፣ የቀላ ቦታ ካለ ትንሽ ቆይቶ ካልጠፋ ነገ ዕረፍት ነው። አንድ ቀን እንደዛ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሆቴሉ ሰገነት ላይ ሻይ ስጠጣ ዋልኩ፣ እውነቱን ልንገርሽ ከጉዞው ሁሉ ያን ቀን ነው የወደድኩት፣ ሻዩ በዛች ወገቧ ቀጭን በሆነች ብርጭቆ ነው የሚመጣው፣ ሳታዢ ይደግሙልሻል፣ ከታች ድመቶች ሲጣሉ ታያለሽ፣ ከተማው የድመት ነው ብትይ ማንም አይከራከርሽም።

እሷ፦ ዳገቱስ? ኢስታንቡል ዳገት ነው ይባላል።

እሱ፦ ዳገት ቀላል ነው፣ ቁልቁለቱ ነው ጠላቴ። የኔ ቁርጭምጭሚት አይታጠፍም፣ ቁልቁል ስትወርጂ ጉልበትሽን ወደፊት ይወረውርሻል፣ በጎን በጎን እንደ ፍየል ነው የምወርደው። ላዩ ላይ ደግሞ ኮብልስቶን። እኔ እኮ የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሲነቃቀል ስራገም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለካ ልምምድ ነበር። ደግሞ ቱኔል የምትባል ነገር አለቻቸው፣ ከታች ከካራኮይ ወደ ላይ ቤዮግሉ መሬት ለመሬት በገመድ የምትጎተት ባቡር፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሥራ የጀመረችው እንደ ፈረንጅ በ1875 ነው፣ ከለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ቀጥሎ በዕድሜ ሁለተኛዋ ናት። እኛ ጋ አስቢው፣ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ጎጃም ላይ ሊነግሡ ገና ስድስት ዓመት ይቀራቸዋል።

እሷ፦ በሷ ነበር የምትወጣው የምትወርደው?

እሱ፦ መውረጃዬ እሷ ናት፣ ስወጣ በእግሬ። ሰው ሁሉ በተቃራኒው ነው፣ ወደ ታች ስትሄድ ባዶዋን ናት እኔ ብቻ።

እሷ፦ ጫማውን ንገራቸው፣ የቤተክርስቲያኑን።

እሱ፦ ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ ማንም አያስበውም። ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ ከምታደርጊው ጫማ ተረከዝ ጋር ተለክቶ ነው የሚስተካከለው። ጫማውን ስታወልቂ ተረከዙ ዝቅ ይላል፣ ወደ ኋላ ይገፋሻል። እኛ ደግሞ ጫማ አውልቀን ነው ቤተክርስቲያን የምንገባው፣ ቅዳሴ ሙሉ ሁለት ሰዓት ሦስት ሰዓት ቆመሽ ወደ ኋላ እየተገፋሽ ወገብሽ ይቆረጣል። መጀመሪያ ሰሞን የፕላስቲኩን እግር ጫማ አላወልቅም ብዬ ነበር፣ እግር አይደለም ብዬ። አንድ አባት አይተው «ልጄ፣ የቆምክበት እግርህ ነው» አሉኝ። ምን ትያለሽ?

እሷ፦ ምንም አልልም።

እሱ፦ እኔም ምንም አላልኩም፣ አወለቅኩ። ከዛ ባለሙያው ዘዴ አሳየኝ፣ ከአሮጌ ሲሊፐር ተረከዝ ቆርጬ ካልሲው ውስጥ እከታለሁ፣ ቀጥ። ኢስታንቡል ሱልጣን አህመድ መስጊድ፣ ሰማያዊው የሚሉት፣ እንደ ፈረንጅ በ1616 ያለቀ ነው፣ በሩ ላይ ጫማ አውልቁ ሲሉ ፈረንጁ ሁሉ ግድግዳ ይዞ ሲንገዳገድ እኔ ኪሴ ገብቼ ሲሊፐሬን አውጥቼ ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኳትና ገባሁ። ምንጣፉ ደግሞ ወፍራም ነው፣ በቀኜ አይሰማኝም በግራዬ ግን አጣጣምኩት።

እሷ፦ ሰው አያፈጥብህም?

እሱ፦ ያፈጣል፣ ለምን እዋሻለሁ፣ የትም ሀገር ሰው ሰው ነው። ልዩነቱ ማንም ሳንቲም አልሰጠኝም። እዚህ አንዴ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት አስር ብር እጄ ላይ ጣል አድርገው መርቀውኝ ሄዱ፣ ሮጬ ደርሼ ልመልስ እንዳልል፣ እንዴት ልሮጥ! ክፋት የለውም፣ ደግነት ነው፣ ግን ቢሮ ልገባ ከረባት አድርጌ ነበር እኮ።

እሷ፦ ወይኔ። ቁምጣ ለበስክ የሚባለው ግን እውነት ነው? ፎቶውን አይተናል።

እሱ፦ ለብሻለሁ። ጎጃሜ ሆኜ ስምንት ዓመት ቁምጣ ፈርቼ መኖሬ ይገርመኛል፣ አያቴ ሙሉ ሱሪ የሚያደርገው ክት ነበር! በጀልባ ወደ እስያው ማዶ፣ ኡስኩዳር፣ ስንሻገር ሙቀቱ አልቻልኩም ለበስኩት። አንድ ህፃን መጥቶ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ መታው፣ እናቱ ደነገጠች፣ እኔ ደግሜ ምታው አልኩት በምልክት። ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ የሌለው አውራ ጣቴ በረደው፣ እንዲህ ያደርገዋል አንዳንዴ፣ የሌለ ጣት ይበላዋል ይበርደዋል፣ ማከክ አይቻል።

እሷ፦ ቅዳሜ ጣና ላይ ስንሄድስ ቁምጣውን ታደርጋለህ?

እሱ፦ እሱን እናያለን። እዚህ አክስቴ ታየኛለች።

እሷ፦ ፈሪ! እሺ ሰዓታችን አልቋል፣ ስትመለስ ጎረቤቶችህ ምን አሉህ?

እሱ፦ ዕቃዬን ገና ከባጃጅ ሳላወርድ አንዱ መጡ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «እንዴት ነው ልጄ፣ ህክምናው ተሳካ?» አሉኝ። ደክሞኛል፣ ማስረዳት አቃተኝ፣ «ተሳክቷል አባባ» አልኳቸው። «ተመስገን፣ ምን አዘዙልህ?»

እሷ፦ እና?

እሱ፦ «ዓሣ በዳቦ» አልኳቸዋ፣ ጋላታ ድልድይ ስር የሚጠበሰውን፣ በየቀኑ ነው የበላሁት። ትንሽ አሰቡና «በጾሙም?» አሉኝ።

(ሳቅ)