በኖርዌይ ለመኖር ስንት ቃል ይበቃል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

በቅርቡ ወደ ኦስሎ የመጣችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ ያንኑ ነው፤ «በእንግሊዝኛ ብቻ መኖር አይቻልም ወይ?»

ይቻላል። ሱቅ ገብታችሁ ዕቃችሁን ራሳችሁ አስልታችሁ፣ ትንፍሽ ሳትሉ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ባቡር ላይ የሚያናግራችሁ የለም። መንገድ ብትጠይቁ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ይመልሱላችኋል። ችግሩም እሱ ነው። ኖርዌያዊ ስትንተባተቡ ሲያይ ፈጥኖ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርላችኋል። ደግነት ነው፤ ግን ዕድሜ ይበላል። የእኔን አራት ዓመት በልቷል።

የነቃሁት ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ እኔ ሳቅ ጀመርኩ። የሰፈሩ ደቦ፣ እነሱ «ዱግናድ» የሚሉት የቅጠል ጠረጋ፣ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ ሳላነበው አለፈኝ። ጎረቤቶቼ መጥረጊያ ይዘው ሲወጡ እኔ በመስኮት አያቸው ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚህ የከፋው ሐኪም ቤት ነው። እናት የማህፀኗን ሕመም በልጇ አፍ ስትናገር አስቡት። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት ተቋማት በልጆች እንዳያስተረጉሙ ይከለክላል፤ ሙያተኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ለዜግነት ደግሞ ከጥቅምት 2022 ወዲህ በንግግር ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። የእኔ መለኪያ ግን ፈተናው አይደለም፤ ልጃችሁ አስተርጓሚያችሁ ከሆነ ቋንቋው ገና አልበቃችሁም።

ከባድ መሆኑን አልክድም። ክፍል ውስጥ «እኔ» ለማለት «ያይ» ትማራላችሁ፤ በርገን ስትሄዱ «ኤግ»፣ ትሮንድሄም ስትሄዱ «ኤ» ይሆንባችኋል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ደግሞ «እርስዎ» የለም ማለት ይቻላል፤ ሽበታሙን ሐኪም «ዱ»፣ አንተ፣ ትሉታላችሁ። እኔ ስለው አሁንም ሳላስበው ጎንበስ እላለሁ።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርላችሁ «ካን ቪ ታ ዴ ፖ ኖሽክ?» በሉት፤ በኖርዌይኛ እናውራው ማለት ነው። ቡናው እስኪፈላ ሦስት ጊዜ አብረን እንበለው። እናቶች ይጀምሩልን።